የሚጾመው ፍሪዘር

ባለፈው ሳምንት በረዶ የያዘ የፕላስቲክ ኩባያ ይዤ ክፍል ገባሁ። ወረታ ላይ መብራት ሲሄድ ሲመጣ ስለሰነበተ፣ ትምህርቱ ከየቤታችን ቢነሣ ይሻላል ብዬ ነው። በረዶው ላይ ሳንቲም አስቀመጥሁና፣ «ይህን ፍሪዘር ውስጥ አኑሩት። ሳንቲሙ ከላይ እንዳለ ከቆየ መልካም። ታች ከወረደ ግን በረዶው ቀልጦ እንደገና ረግቷል ማለት ነው፤ ሥጋችሁም እንዲሁ» አልኋቸው።

ከፊት የተቀመጠች ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይህን ዘዴ ከየት አመጡት?»

ልጅቱ የቀድሞ አከራያችን የየሺ የልጅ ልጅ ናት።

ዘዴውን ሳገኘው ዐሥረኛ ክፍል ነበርሁ። እናቴ ዘርፌ የድግስ ወጥ ትሠራለች፤ ከወረታ አልፎ እስከ ቁሐር ሚካኤል ይጠሯት ነበር። የምንኖረው የሺ ግቢ ተከራይተን ነው። በሰፈሩ ፍሪዘር ያላት እሷ ብቻ ስለነበረች የማኅበሩ ሥጋ ሁሉ እሷ ዘንድ ይቀመጣል። ያኔ እትዬ የሺ እላት ነበር፤ ዛሬ እትዬውን ትቼዋለሁ።

በጥቅምት ሚካኤል ማኅበሩ የሺ ቤት ወጣ። ከፎገራ ሜዳ ውሃው ሸሽቶ፣ የቁሐር መንገድ ጭቃ ተሰነጣጥቆ፣ ሩዙ መቅላት ጀምሮ ነበር። እናቴ ከፍሪዘሩ በወጣው ሥጋ ምንቸት አብሽ ሠራች። ሽታው እስከ ባጃጁ ማቆሚያ ይጣራ ነበር። የበላው ሰው ግን ሆዱን ይዞ አደረ። በማግስቱ የሺ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ቆማ፣ «የዘርፌ እጅ ነው! እኔስ ቆሻሻ መሆኗን መች አጣሁት፣ አዝኜላት እንጂ» አለች።

ከዚያ ወዲያ እናቴን የሚጠራት ጠፋ። ትልቁ ድስት ግድግዳ ሥር ተደፍቶ ዶሮ ይሰፍርበት ጀመር። እናቴ ማታ ማታ እጇን እያገላበጠች ታየዋለች። ያን ሳይ ጥርሴን እነክስ ነበር።

አንድ ረቡዕ ያስቀመጥነውን ቅቤ ላመጣ የሺ ጓዳ ገባሁ። የፍሪዘሩ ሶኬት ተነቅሎ ተንጠልጥሏል፤ ክዳኑ በእንጨት ተደግፎ ተከፍቷል። ሥጋው ደም እያንጠባጠበ ነው።

«እትዬ የሺ፣ ሶኬቱ ተነቅሏል እኮ።»

«አውቃለሁ። በጾም ቀን ሥጋ ማን ይበላል? ፍሪዘሩም ይጹም! ማታ እሰካዋለሁ።»

ለካ ረቡዕና ዓርብ እንዲህ ታደርጋለች! ብርድ ተህዋስያንን አይገድልም፤ ያስተኛቸዋል እንጂ። ሥጋው ሲሟሟ ነቅተው ይራባሉ፤ አንዳንዶቹም እሳት የማያጠፋው መርዝ ይተዋሉ። ለዚህ ነው ሥጋ ለአንድ ጊዜ በሚበቃ መጠን ተከፋፍሎ የሚቀመጠው፤ ሲፈለግም በፍሪጅ ታችኛው ክፍል ቀስ ብሎ የሚሟሟው። ደጅ ውሎ የሟሟ ሥጋ ወደ ፍሪዘር አይመለስም።

ለእናቴ ነገርኋት። «ለብቻዋ ምከሪያት፤ ሰው ፊት አታዋርጃት» አለችኝ። እናቴን የሺ ለብቻዋ ነበር ያዋረደቻት? 

ለኅዳር ሚካኤል ሥጋው ማክሰኞ የሺ ፍሪዘር ገባ። ማኅበሩን በሙሴነት የሚመሩት እማማ ዝማም ሊያስረክቡ ሲመጡ፣ ቀድሜ ውሃ ሞልቼ እዚያው ያረጋሁትን ኩባያ አወጣሁና ሳንቲም ሰጠኋቸው። «እማማ፣ በእጅዎ በረዶው ላይ ያድርጉልኝ።»

«ምን አስማት ነው ልጄ?»

«የትምህርት ቤት ሥራ ነው» ብዬ ኩባያውን ከሥጋው ጋር መለስሁት።

ሐሙስ ጠዋት ሴቶቹ ሥጋውን ሊወስዱ ግቢውን ሞሉት። እንደ ድንጋይ የደረቀ ሥጋ እየወጣ ሲመሰገን ኩባያዬን አንሥቼ ለእማማ ዝማም ሰጠሁ። ሳንቲሙ ከበረዶው ሥር፣ ከኩባያው መቀመጫ ላይ ተለጥፏል።

«እኔ ላዩ ላይ አልነበር ያደረግሁት?» አሉ።

«ትናንት ቀልጦ ስለነበር ሰመጠ። ሥጋውም አብሮ ቀልጦ ነበር። የጥቅምቱም እንደዚሁ ነው።»

«መብራት ጠፍቶ ነው!» አለች የሺ።

«የቱ መብራት?» አሉ እማማ። «ትናንት የመብራት ወፍጮው ጩኸት ጆሮዬን ሲበላኝ አልዋለም?»

የሺ ፊቷ ቀላ። «እንዴ፣ በጾም ቀን ሥጋ የሚበላ የለ ብዬ ነዋ! ፍሪዘሩም…»

«ፍሪዘሩን ሥጋ ወደሙን አቀበልሽው ወይ?» አለች አንዷ። ግቢው በሳቅ ፈረሰ። ሥጋው ጉድጓድ ተቆፍሮ ተቀበረ። የሺም እስከ ዛሬ «ባለ ጾመኛዋ» ትባላለች። ያን ሳቅ ስሰማ ጠጥቼ የማላውቀውን ያህል ጣፋጭ ጠላ የጠጣሁ መሰለኝ።

እናቴ ወደ ድስቷ ተመለሰች። የሺ ግን አንድም ቀን ይቅርታ አላለቻትም።

ልጅቱ እጇን እንዳነሣች መልሴን ትጠብቃለች። ልጅ ምን አጠፋች? ፈገግ አልሁላትና፣ «አያትሽ ቤት ነው የተማርሁት። ሰላም በያትና፣ ዘርፌ ዛሬም አንዲት ቃል ትጠብቃለች በያት» አልኋት።

ሰው ጊዜ ሁሉን ያሟሟል ይላል። ሶኬቱን ለነቀለ ነው። የእኔ ረቡዕም ዓርብም ተነቅሎ አያውቅም።