የቤዝ ጊታሩ አንገት

በባንዱ ውስጥ «ምሰሶ» ይሉታል። መድረክ ላይ ከከበሮው አጠገብ ተገትሮ ይቆማል፤ አይወዛወዝም፣ ፈገግ አይልም፤ ሙዚቃው ግን የሚቆመው በእሱ ቤዝ ጊታር ላይ ነው። የአውቶቡስ በር ግራ እጁን ከቀረቀረው ወዲህ ሁለት ጣቶቹ እንደ ልቡ አይታዘዙትም። ወፍራሙ የጊታር አንገት መዳፉን ይሞላውና ጣቶቹ ክሩ ጋ ሳይደርሱ ይዝላሉ።

የባንዱ መሪ ሲታገሥ ቆይቶ በመጨረሻ ቆረጠ። «ዓርብ ልምምድ ላይ እሰማሃለሁ። ካልሆነልህ የቅዳሜውን ሰርግ ሌላ ሰው ይጫወታል፤ ከዚያም ወዲያ እሱው ነው።»

ምሰሶ ሌላ ሥራ አያውቅም። አናጢ ወደሆነው የሚስቱ ወንድም ሄዶ የጊታሩን አንገት ከጀርባው ሊያስልገው አሰበ። ቀጭን ቢሆን ጣቶቹ ይደርሱ ነበር።

«ፋብሪካው ያወፈረው ያለ ምክንያት ነው?» አለች ሚስቱ።

«ፋብሪካው የኔን እጅ አላየም።»

«የታመመው ጣትህ፣ የሚላገው ጊታርህ!»

«ታዲያ ጣቴን ይላግልኝ?»

ሳቀች። ሳቋ ሳያልቅ ዓይኗ እንባ አቀረረ። «የቆጡን አወርድ ብለህ የብብትህን እንዳትጥል ብዬ ነው።»

እሱ ጊታሩን አንስቶ ወጣ።

አናጢው ክሮቹን ፈታታ፤ አንገቱን ጠረጴዛው ላይ አሰረና መላጊያውን አነሳ። «አማቼ፣ ስንት የወንበር እግር ልጌአለሁ! ይሄ ምን ይከብዳል?»

ጥቂት ከላገ በኋላ ቆመ። «ይበቃል ወይ?»

ምሰሶ አንገቱን ጨበጠው። ጣቶቹ ከአደጋው ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ዳር ደረሱ። እጁ ተደሰተ፤ ደስታው አታለለው። «ትንሽ ጨምርበት» አለ። ደግሞ ጨበጠው፤ ደግሞ «ትንሽ» አለ። አናጢው በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ ማስመሪያ ቢያስደግፍበት ቀጥ ያለ ነበር። ክር አስሮ ለመሞከር ያሰበ ግን ከሁለቱ አንድም አልነበረም።

ቤቱ ገብቶ አራቱን ክሮች ሲወጥራቸው አንገቱ እንደ ቀስት ጎበጠ። ክሮቹ ከእንጨቱ ርቀው ተንጠለጠሉ፤ እነሱን ለመጫን አሁን ጤነኛ ጣትም አይበቃም። በአንገቱ ውስጥ ያለውን፣ እንጨቱን ቀጥ አድርጎ የሚይዘውን ብረት የሚያጠብቀውን ብሎን ሲጢጥ እስኪል አዞረው። እንጨቱ አልተመለሰም። ሁለቱን ቀጫጭን ክሮች ሲፈታቸው ግን አንገቱ ጥቂት ቀለለው፤ የቀሩትን ሁለቱን እንደ ምንም መጫን ቻለ።

ዓርብ ይዞት ሄደ።

«ሁለቱ ክሮች የት ገቡ?» አለ ከበሮ መቺው።

«ጡረታ ወጡ።»

ዘፈኑ ተጀመረ። ታች ታቹን ሲሄድ ምሰሶ እንደ ድሮው ምሰሶ ነበር። አዝማቹ ላይ ዜማው ወደ ላይ ወጣ፤ ጣቱም በልማዱ ሦስተኛውን ክር ፍለጋ ሄዶ ባዶ እንጨት ላይ አረፈ። ከበሮ መቺው ክፍተቱን ሊሸፍንለት ከበሮውን አብዝቶ ደበደበ። መሪው ወደ ኋላ አልዞረም።

ሲጨርሱ መሪው የማይክሮፎኑን ገመድ እየጠቀለለ «ምሰሶ፣ ነገ አትልፋ» አለ።

ምሰሶ ጊታሩን ወደ ቦርሳው ከመክተቱ በፊት የቀሩትን ክሮች አላላቸው። አንገቱ ቀስ ብሎ ቀና አለ።