የአጁሉ አሸን

ትናንት ከሥራ ስመለስ፣ ዝናቡ ካባራ ብዙም ሳይቆይ፣ ኒውላንድ ገበያ ጥግ ላይ የተቆላ አሸን ሽታ እግሬን ያዘው። አሸን ያው የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ከኩይሳው እየተግተለተለ የሚወጣው ክንፋም ምስጥ ነው፤ እዚህ ጋምቤላ ክንፉን አራግፈው፣ ጨው ነስነስ አድርገው በመጥበሻ ይቆሉትና በሻይ ብርጭቆ እየሰፈሩ ይሸጡታል። ሻጯ ወጣት የአኙዋክ ልጅ ነበረች። ቀና ብላ መልኬን፣ ነጠላዬን፣ ብብቴ ሥር የሸጎጥኩትን መጽሐፍ ተራ በተራ አየችና፣ «ለዶሮ ነው እትዬ?» አለችኝ። ደገኛ ሴት አሸን ከገዛች ለዶሮ ነው፤ ልጅቷ የምታውቀውን ነው የጠየቀችኝ። «አዎ» አልኳት። ለዶሮ ከሆነ ብላ ከሥር የተረፈውን ፍርፋሪም ምርቃት ጨምራ በጋዜጣ ጠቀለለችልኝ። እኔ የምኖረው አንዲት የኪራይ ክፍል ውስጥ ከመጻሕፍቴ ጋር ነው። ዶሮ የለኝም።

ከወሎ አምጥተው አቦቦ አካባቢ ካለ የሰፈራ መንደር ሲያወርዱን ገና የወተት ጥርሴን አልጨረስኩም ነበር። ከዚያ መንደር ከሁሉ ይበልጥ የማስታውሰው የአባቴን ድምፅ ነው። አባቴ በልጅነቱ ቄስ ትምህርት ቤት ገብቶ ዳዊት የደገመ ገበሬ ነበር፤ ቀን በሙቀቱ ሲንገበገብ የዋለው ሰው ሁሉ አመሻሹ ላይ እኛ ደጅ ይሰበሰብና እስራኤላውያን በምድረ በዳ የተጓዙትን ጉዞ ያስተርከዋል። አባቴ ደግሞ አብሯቸው እንደ ተጓዘ ሰው ነበር የሚያወራው። ከዓለቱ የፈለቀውን ውሃ ሲናገር የባሮን ወንዝ የሚያህል ያደርገዋል፤ ባሮን ያየው ከመኪና ላይ ሆኖ አንድ ጊዜ ብቻ ነው፣ ግን ካየ ወዲህ ከሲና በረሃ አላወጣውም። ድርጭቶቹ ሰፈሩን እንዴት እንደ ሸፈኑት እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ያሳየናል። ልብሳቸው በላያቸው አላረጀም ሲል፣ እናቴ የተተለተለ ቀሚሷን ወደ ጉልበቷ ሳብ እያደረገች፣ «እኔስ መናውም ይቅርብኝ፣ እሷን ብቻ ባደረገልኝ» ትላለች፤ ሴቶቹ በሳቅ ይፈርሳሉ፤ አባቴ ግን አይስቅም፤ ሳቁ እስኪያልቅ ጠብቆ ወደ መናው ይገባል።

መናው በተለይ የሚያስፈልገን ወቅት መጣ። ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት የራሽን መኪናው ቀረ፣ የዘራነው ማሽላ ገና አላፈራም። ታናሽ እህቴ ሙሉ ከወባ ከተነሣች ወዲህ አንገቷን ማቅናት አቅቷት ነበር፣ የእናቴም ጡት ደርቋል። የሰፈሩ ሴቶች ሕፃኗን ዐይተው ሲወጡ ደጅ ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ያወራሉ፤ ምን እንደሚሉ ባልሰማም ገብቶኛል። እኔ ታዲያ ጠዋት ጠዋት ጣሳ ይዤ እወጣለሁ፤ አባቴ መናው የሚለቀመው ፀሐይ ሳትሞቅ ነው፣ ከሞቀች ይቀልጣል ብሎናላ።

አንድ ቀን ጎህ ሲቀድ ስወጣ ምድሩ ነጭ ነበር። ከቤታችን ጀርባ ካለው ኩይሳ ጀምሮ እስከ ደጃችን ድረስ፣ ሣሩም ጭቃውም፣ ስስ በሆነ፣ በሚያበራ ነገር ተሸፍኗል። «አባዬ! አባዬ፣ መናው ወረደ!» እያልኩ ጮህኩ። አባቴ ጋቢውን እየሳበ ወጣ፣ ቁጢጥ አለ፣ ከመሬቱ አንዲት ክንፍ በሁለት ጣቱ አንሥቶ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጋትና፣ «ይሄ ደግሞ ምንድነው?» አለ። እስራኤላውያንም መናውን መጀመሪያ ያዩ ቀን ይህንኑ እንደ ጠየቁ ከእሱው አፍ ስንት ማታ ሰምቻለሁ። እሱ ግን ራሱን አልሰማም።

የመለሰችለት አጁሉ ናት። አጁሉ የእናቴ እኩያ ስትሆን፣ በመንደራችን ሥር ከምታልፈው ወንዝ ማዶ ካለው የአኙዋክ መንደር ነበረች፤ ቅሎቿን ተሸክማ ከእኛ ቀድማ ደርሳ ትለቅም ነበር። «አሸን ነው። ይሄ ኩይሳ የእናቴ» አለች፣ ወደ ቤታችን ጀርባ እያሳየች። እኛ ያረፍነው በሰው ኩይሳ ላይ መሆኑን እስከዚያ ጠዋት የነገረን አልነበረም። የመጀመሪያውን ቅል ሞልታ ለአባቴ ዘረጋችለት። «አንተ ብላ። ለልጅ ስጥ። ልጅ ይጠነክራል።» አማርኛን የለመደችው ገበያ ላይ ስለ ነበር ለሁሉም ሰው አንተና አንቺ ነው የምትለው፤ አባቴን ከምስጡ ይልቅ አንተ መባሉ ሳይከነክነው አልቀረም። «በኦሪት አንበጣ ተፈቅዷል» አለ፣ ለእሷ ሳይሆን ለእኛ፣ «ምስጥ ግን አልተጻፈም።»

እናቴ ግን የሰው ስጦታ መመለስ አይሆንላትም። ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ «እግዜር ይስጥልን» አለች፤ አጁሉ ማዶ ስትሻገር ጠብቃ ቅሉን ለእኔ ሰጠችኝና፣ «በጓሮ ለዶሮዎቹ ድፊው» አለችኝ። ዕቃም ባዶውን አይመለስም፤ በቅሉ የምንልከው ሌላ ነገር ስለሌለን ዶሮዎቹ የጣሉትን እንቁላል አኖረችበት። ከዚያ ወዲያ ዝናብ በጣለ ማግስት ሁሉ እንዲህ ሆነ፦ አሸኑ ይመጣል፣ እኔ እደፋለሁ፣ እንቁላሉ በቅል ወንዝ ይሻገራል። ከሰፈራ ጣቢያው የተሰጡን፣ ላባቸው ረግፎ አጥንታቸው ይቆጠር የነበረው ዶሮዎች፣ ደረታቸውን ነፍተው እንደ ሊቀመንበር ይንጎማለሉ ጀመር። ሙሉ ግን በየቀኑ እየቀለለች ሄደች።

አንድ ጠዋት ቅሉን ዘቅዝቄ ሳራግፍ አጁሉ በጓሮው መንገድ መጣች። ዶሮዎቹን አየች፣ ቅሉን አየች፣ እኔን አየች። ከውስጥ የሙሉ ለቅሶ ይሰማል፤ ለቅሶም አይባል፣ የድመት ግልገል ድምፅ የመሰለ ነገር ነው። አጁሉ ለቅሶውን ቆማ አዳመጠችው፤ አልተቆጣችም፤ እንደ ልማዱ እንቁላሉን ሳኖርበት ቅሏን ተቀበለችኝና ሄደች። ለእናቴ ስነግራት ደፉ ላይ ዘፍ አለችና ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ» አለች። አባቴ ሰምቶ እንዳልሰማ ወጣ።

በማግስቱ አትመጣም ብለን ነበር። መጣች። «የሙሉ እናት!» አለች ከውጭ። አሸን በሞላው ቅል ላይ የትናንቱ እንቁላል ተቀምጧል። «ይሄ ለዶሮ» አለች አሸኑን እየነካች፤ እንቁላሉን አንሥታ በእናቴ መዳፍ ላይ አኖረችና፣ «ይሄ ለሙሉ። እንቁላል ወደኔ አትላኪ። ቅል ባዶ ይምጣ።» እናቴ እንቁላሉን በነጠላዋ ጫፍ ጠቀለለችው። ቀና ብላም አላየቻትም።

ሙሉ በእንቁላል ዳነች። ክረምቱ እስኪገባ ድረስ አጁሉ ከደጅ «ለዶሮ!» እያለች ትጣራ ነበር፤ ክብራችንን እንዲህ ጠበቀችልን። አንድ ምሽት ከሰፈሩ ሽማግሌዎች አንዱ፣ «እስቲ ያችን የመናውን አጫውተን» ብለው አባቴን ጠየቁት። ጀመረላቸው፤ ጠዋት ሲነሡ ምድሩ ነጭ ሆኖ አገኙት፣ አለና ቆመ። «ዛሬስ ደክሞኛል» አለ። ከዚያ ምሽት በኋላ ዓለቱንም፣ ድርጭቱንም፣ ደመናውንም ይተርክ ነበር፤ መናውን ግን እስኪሞት ከአፉ አልሰማሁትም።

መንግሥት ሲለወጥ መንደሩ ተበተነ። በጥድፊያ ጋምቤላ ከተማ ገባን፤ አጁሉንም ደህና ሁኚ ሳንላት መጣን። እኔ ወገቤ ላይ ከሚደርሱ ሕፃናት ጋር አንደኛ ክፍል ገባሁ፤ ማንበብ እንደ ቻልኩ መጀመሪያ የፈለግሁት የመናውን ታሪክ ነበር። አባቴ የዘለለውን እዚያ አገኘሁት፦ ሕዝቡ እንዳጉረመረመ፣ የግብፅ ዓሣና ሽንኩርት እንደ ናፈቀው፣ የወረደለትን ምግብ ነፍሱ እንደ ጠላችው። መጽሐፉን ከደንኩት፤ የሰፈራችንን ሰው ሁሉ በስም እየጠራ ያነበበብኝ ነበር የመሰለኝ።

ሙሉ ዛሬ ጎግ ወረዳ ውስጥ የልጆች እናት ናት። «እኔን ያሳደገኝ እንቁላል ነው» እያለች ወፍራም ክንዷን ታሳየናለች፤ እንቁላሉ ከምን እንደ ተሠራ እናቴ ሳትነግራት ሞተች፣ እኔም አልነገርኳት። ከአቦቦ የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር ስለ አጁሉ እጠይቃለሁ። «የትኛዋ አጁሉ? የአባቷ ስም ማነው?» ይሉኛል። የአባቷን ስም ጠይቀናት አናውቅም። እኛ ልጆቹ ከደጋ የመጣችውን ሴት ሁሉ፣ የምንንቃትንም ጭምር፣ እትዬ እያልን ስንጠራ፣ እሷን አጁሉ ብቻ ነበር የምንላት።

ጋዜጣውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት፤ አንዲቷን አነሣሁና ቀመስኩ። ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ኖሬ የመጀመሪያዬ ነው። የመናውን ጣዕም መጽሐፉ በአንዱ ቦታ እንደ ማር እንጎቻ ነው ይላል፣ በሌላው ቦታ በዘይት እንደ ተለወሰ እንጎቻ፤ ሁለቱን ለዓመታት ሳስታርቅ ኖሬአለሁ። ዘይቱ ይቀርባል። ይህን ብነግረው ደስ የሚለው አባቴ ነበር፤ ወይም ደግሞ አንገቱን የሚደፋው። እፍኝ ዘግኜ በላሁ፣ ደገምኩ፣ ፍርፋሪውንም ከጋዜጣው ላይ በጣቴ ለቀምኩ። ቅል ባዶ ይምጣ ብላ ነበር፣ እትዬ አጁሉ። ባዶውን እንኳ የምመልስበት ደጅ አላውቅም።