ለቅሶ ልንደርስ ሄደን ከተማ ዞርን

ነገሩ የሆነው በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት ገደማ፣ ጡረታ በወጣሁ በሁለተኛው ዓመት ነው። ቅጠል የሚረግፍበት ወቅት ነበር። ብዙ ነገር እረሳለሁ፤ ይህን ግን አልረሳሁትም። ያልረሳሁትም ደስ ስላለኝ አይደለም። ሳስበው እስከ ዛሬ ስለሚያበሳጨኝ ነው።

የምኖረው ስቶክሆልም፣ ፋርስታ ነው። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ሌናርትና ሮልፍ የሚባሉ ሁለት ስዊድናውያን ሽማግሌዎች ይኖሩ ነበር። መጀመሪያ ወንድማማቾች መስለውኝ ነበር። እንዳልሆኑ፣ እንደ ባልና ሚስት እንደሚኖሩ ሳውቅ ደነገጥኩ፤ ቆይቶ ለመድኩ። በዚህ ጉዳይ ከማንም ጋር ተከራክሬ አላውቅም። ቤተ ክርስቲያኔ የምታስተምረውን አውቃለሁ። ሮልፍ ደግሞ ብርድ ሊገባ ሲል ሳልጠራው መጥቶ የመስኮቴን ክፍተት የሚደፍንልኝ ሰው እንደነበር አውቃለሁ። ሁለቱንም ይዤ ኖርኩ።

ሮልፍ ዝምተኛ ነበር። ሌናርት ግን ወሬ አያልቅበትም። ከወጣትነቱ ጀምሮ ለተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪዎች መብት ሲታገል የኖረ ሰው ነው። ካረጀ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ሰዎችን እየመራ በእግር ከተማ ያዞር ነበር። እዚህ ተደበደብን፣ እዚህ ተሰበሰብን፣ ይህን ሕግ እንዲህ አስቀየርን እያለ ያስረዳል። በየጊዜው የግብዣ ወረቀት በየበራችን ይከታል። እኔ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም፤ ከሕንፃችንም የሄደ ሰው አልሰማሁም።

አንድ ረቡዕ ምድር ቤት ባለው የጋራ ልብስ ማጠቢያ፣ ትቬትስቱጋ በምንለው ክፍል፣ ሌናርትን አገኘሁት። የሮልፍን ሸሚዞች እያጠፈ ነበር። ሰላም ስለው ቀና ብሎ አየኝና፣ "ሮልፍ እኮ ሞተ" አለኝ። ከዚያ ማጠፉን ቀጠለ።

እሑድ ሌሊት ልቡ ቆሞ ነው። የሮልፍ ወንድም ከሰሜን መጥቶ አስከሬኑን ወደ ትውልድ ቦታቸው ለመውሰድ ጉዳዩን ጨርሷል። ቀብሩ የቤተሰብ ብቻ ነው፣ አንተ አትምጣ ብሎታል። ያን ጊዜ ለእነሱ ጋብቻ ገና አልተፈቀደም ነበር፤ አብረው መኖራቸውን ማስመዝገብ ግን ይችሉ ነበር። ለምን አላስመዘገባችሁም ብዬ ጠየቅኩት።

"ሮልፍ ፈልጎ ነበር" አለኝ። "እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት። ሙሉውን እስኪሰጡን ግማሹን አልፈርምም አልኩ።"

ተናደድኩ። መብት ለሰው ሲያስተምር የኖረ ሰው የራሱን ሳይዝ ቀረ። ግን ሀዘንተኛ አይወቀስም። ስለ ሮልፍ ነፍስ የሚባለውን ብዬው ወጣሁ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆሮዬ ደረጃው ላይ ነበር። የሚወጣ ሰው፣ የሚንኳኳ በር አጣሁ። ፊት ለፊቱ የምትኖረውን ጎረቤት አግኝቼ፣ ሌናርት ጋ አልገባሽም ወይ ብላት፣ "ሰላም እንስጠው ብዬ ነው" አለችኝ። በዚህ አገር ሰው ሲሞትብህ ሰላም ይሰጡሃል። በርህን ዘግተህ ብቻህን ትቀመጣለህ ማለት ነው። ይህን ያህል ዓመት ኖሬ ይህ ነገር አልዋጥልኝ ብሎኛል።

እኔም ብቻዬን መሄድ አልፈለግኩም። ለቅሶ በአንድ ሰው አይደረስም። አልቢ ለምትኖረው ለጓደኛዬ ለአስካለ ደወልኩ። ከስደት ጀምሮ የማንለያይ፣ አንድ ማኅበር የምንጠጣ ሴቶች ነን።

"ጎረቤቴ ሰው ሞቶበት ብቻውን ተቀምጧል። ቅዳሜ እንድረሰው" አልኳት።

"ማን ነው የሞተበት?"

"አብሮት የሚኖረው ሰው።"

"ወንድሙ ነዋ! ምስኪን። በይ እመጣለሁ። ፋናዬን ንፍሮ ቀቅይ በያት፤ እኔ ጉልበቴን አሞኛል።"

ፋናዬ ከእኛ በአሥር ዓመት ታንሳለች። የማኅበራችን አልቃሽ እሷ ናት። ስዊድንኛዋ ከሰላምታ ባያልፍም ለቅሶ ላይ የሚስተካከላት የለም። ለእሷም ያንኑ ነገርኳት። ማን እንደሆነ እንኳ ሳትጠይቀኝ እሺ አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስታችንም ጥቁር ለብሰን፣ ነጠላችንን አዘቅዝቀን ወጣን። ፋናዬ ንፍሮውን በድስት ይዛለች። አንኳኳን።

ሌናርት ካፖርቱን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ በሩን ከፈተ። ሦስታችንን ተራ በተራ አየን። ዓይኑ እንባ ሞላ።

"መጣችሁ!" አለ። "የሺ፣ መጣሽ! ያውም ጓደኞችሽን ይዘሽ! በሉ እንሂድ፣ ሰዎች እየጠበቁን ነው።"

ይህን ብሎ በሩን ቆልፎ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። አስካለ ወደ እኔ ዞረች።

"ቀብሩ ዛሬ ነው እንዴ? ምነው ሳትነግሪን?"

እኔም አላወቅኩም። ቀብሩን ስለከለከሉት ጓደኞቹ ለብቻው የመታሰቢያ ስብሰባ አዘጋጅተውለት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ተከተልነው። በከተማው የምድር ባቡር፣ ቱነልባና ውስጥ ፋናዬ ድስቱን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ቀስ ብላ ማንጎራጎር ጀመረች። ማልቀስ የሚገባት ቦታ ስትደርስ ድምጿ እንዳይዘጋ እያሟሸች ነው። ተሳፋሪው ሁሉ መስኮት መስኮቱን ያያል።

መሀል ከተማ ወርደን አንድ አደባባይ ላይ ደረስን። ወደ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሰዎች ይጠብቁታል። የዝናብ ጃኬት ለብሰዋል፤ ካሜራ ያነገተም አለ።

"ለቀስተኛው ይሄ ነው?" አለች አስካለ። "ያቺ ቀይ ኮፍያ ያደረገችውስ? እህቱ ናት?"

ሌናርት ከፍ ያለ ድንጋይ ላይ ወጣና ጉሮሮውን ጠረገ። "እንኳን ወደ ዛሬው ጉዞ በደህና መጣችሁ" ሲል ነው የገባኝ። በቤቴ በር የከተተውን ግብዣ ተቀብለን ከተማ ልንዞር የመጣን መስሎታል። ለዚህ ነው እንባ የሞላው። በዚያ ሁሉ ዓመት ከሕንፃው የመጣሁለት የመጀመሪያዋ ሰው እኔ ነኝ።

አሁን ምን ይባላል? ለጉብኝትህ አይደለም የመጣነው ልበለው? ከሕዝቡ ጋር ተከተልኩት።

ከዚያ በየመንገዱ ዞርን። ሌናርት እንደ ሬድዮ ይናገራል። ይቀልዳል፣ ሰው ያስቃል። ስለ ሮልፍ አንድ ቃል አይወጣውም። እኔ ደግሞ ውስጤ ይቃጠላል። ሰው በሞተበት ሳምንት ቤቱ መቀመጥ ሲገባው ለማያውቀው ሕዝብ ቀልድ ያወራል።

አንድ ትልቅ ሕንፃ ደረጃ ሥር አቆመን። ድሮ የእነሱ ነገር በመንግሥት መዝገብ ከበሽታ ይቆጠር እንደነበር፣ እሱና ጓደኞቹ የጤና መሥሪያ ቤቱን ደረጃ ይዘው እምቢ ብለው ተቀምጠው እንዳሰረዙት ነገረን። ከእነሱም አንዳንዶቹ፣ በሽታ ከሆነማ ብለው፣ ወደ ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት እየደወሉ "ዛሬ አመመኝ፣ ሥራ አልገባም" ይሉ ነበር አለ።

ፋናዬ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። ተረጎምኩላት። እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም።

"እትዬ የሺ፣ ይሄን ነገር ሆስፒታል ሳጸዳ ባውቀው ኖሮ ስንት ቀን ባረፍኩበት!"

አስካለ ግን አልሳቀችም። ስዊድንኛ ከምታስመስለው በላይ ትሰማለች። ክንዴን ይዛ ወደ ጎን ወሰደችኝ።

"የሞተው ማን ነው?"

"ነገርኩሽ እኮ። አብሮት የሚኖረው ሰው።"

"እንዴት ነው አብሮት የሚኖረው?"

"ወደ ሠላሳ ዓመት አብረው ኖረዋል፣ አስካለ።"

"በስመ አብ! ጥቁር አልብሰሽ የእነዚህን ሰልፍ አስወጣሽኝ? በጉልበቴ? ከአልቢ ድረስ?"

"ሰልፍ አይደለም። ለቅሶ ነው የመጣነው።"

"ለቅሶው የታለ? ሰውየው ይስቃል፣ ሕዝቡ ፎቶ ያነሳል! የማኅበሩ ሴቶች ይሄን ሲሰሙ ምን ትያለሽ?"

"ሀዘንተኛ ነው እላለሁ።"

"እስቲ በያቸው፤ አይሻለሁ!"

ፋናዬን እንነሳ አለቻት። ፋናዬ ድስቱን አቅፋ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሷን አየች።

"እትዬ አስካለ፣ ሞቷል አይደል ሰውየው? ንፍሮውን ይዤ እንዴት ልመለስ?"

አስካለ ነጠላዋን አስተካክላ ብቻዋን ሄደች። አስካለ ለማታውቀው ሰው አክስት ለቅሶ ሁለት ባቡር ቀይራ የምትሄድ ሴት ናት። ከምንም በላይ ያበሳጨኝ ይህ ነው።

ጉዞው ውኃ ዳር ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ደረሰ። ሌናርት አንድ አረንጓዴ በር አሳየን። "እዚህ ቤት ድሮ ቅዳሜ ቅዳሜ በድብቅ እንጨፍር ነበር" አለ። "እዚህ በር ላይ አንድ ቀን አንድ ዝምተኛ ልጅ ከሰሜን..." አለና ቆመ።

ጠበቅነው። እጁ በሩን እያመለከተ ቀረ።

አሥራ አምስቱም ሰዎች ፊታቸውን ወደ ውኃው አዞሩ። ጀልባ የሚያዩ መሰሉ። ክፉ ሰዎች ሆነው አይደለም፤ ሰላም እየሰጡት ነው። እኔ ግን ከዚያ በላይ መታገሥ አልቻልኩም። ሄጄ ክንዱን ያዝኩትና አጠገባችን ያለው አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። እኔ በአንድ በኩል፣ ፋናዬ በሌላው በኩል ተቀመጥን።

"ለጉብኝት አይደለም የመጣነው" አልኩት። "በእኛ አገር ሰው የሞተበት ሰው ብቻውን አይቀመጥም። ለሮልፍ ነው የመጣነው።"

ገና ሳይመልስልኝ ፋናዬ ድምጿን ለቀቀችው።

"ምነው ሮልፍ ወንድሜ፣ ለማን ጥለኸው፣
አገሩ ላይ ሆኖ ሰው የራበው ሰው!"

አይታው የማታውቀውን ሰው በስሙ እየጠራች ደረቷን መታች። አንዱ ሰውዬ አምቡላንስ ልጥራ ወይ ብሎ ስልኩን አወጣ። ቀይ ኮፍያ ያደረገችው ሴት ደግሞ ወደ እኔ ጎንበስ ብላ፣ "ይቅርታ፣ ይህም የጉብኝቱ ክፍል ነው?" አለችኝ። ብመልስላት ኖሮ ጥሩ አልናገርም ነበር።

"ምን እያለች ነው?" አለኝ ሌናርት።

ነገርኩት። ሰው የራበው ሰው የሚለውን በስዊድንኛ ለማስረዳት ተቸገርኩ፤ የተቻለኝን አልኩ። ሌናርት ፊቱን በእጁ ሸፍኖ አለቀሰ። ድምፅ አውጥቶ፣ እንደ እኛ ሰው። ቆይቶ እዚያው ወንበር ላይ፣ ለዚያ ሁሉ ሰው፣ ስለ ሮልፍ ተናገረ። ወንድሙ ቀብር እንደከለከለው፣ ያን ወረቀት እምቢ ያለው ራሱ እንደሆነ ሳይደብቅ ተናገረ። ፋናዬ ክዳኑን ከፍታ ንፍሮውን በእፍኝ በእፍኝ አደለች። ሰዎቹ ምን እንደሆነ ሳያውቁ ቆመው በሉ። ለስልክ የቸኮለው ሰውዬ ደግሞ ጨምሪልኝ አለ።

ከዚያ በኋላ ያለው መልካም ወሬ አይደለም። ሮልፍ የተቀበረበትን ቀን ሌናርት የሰማው ካለፈ በኋላ ነው። አስካለም ለማኅበሩ ሴቶች ሁሉንም ነገረች። ስገባ ወሬ ይቋረጣል። ጽዋው እኔ ጋ ሊደርስ ሲል ቤትሽ ጠባብ ነው ብለው አለፉኝ። ያንኑ ቤት ከዚያ በፊት ለስንት ጊዜ ሞልተውታል። ፋናዬን ሲጠይቋት፣ "ሰው ሞቶበት አለቀስኩ፤ ሌላ ምን አደረግኩ?" ብላ ዘጋቻቸው። እኔ እንደሷ መናገር አልሆንልኝ አለ። ማኅበሩ መሄዴን ግን አላቋረጥኩም።

ከዚያ በሁለተኛው ዓመት የአስካለ እህት አዲስ አበባ አረፈች። መርዶው ሲነገራት አልቢ ቤቷ ነበርኩ፤ ኩርፊያ ለቅሶ አያስቀርም። ስመለስ ሌናርት ደረጃው ላይ አግኝቶኝ ጥቁር ለብሼ አየኝ። ማን እንደሞተ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። አድራሻዋን ጠየቀኝ፤ እሱንም ሰጠሁት።

በማግስቱ አልቢ ከሴቶቹ ጋር ተቀምጠን ሳለ በሩ ተከፈተና ሌናርት ጥቁር ልብስ ለብሶ ገባ። አስካለ ቀና ብላ አየችው። ከለቅሶ ቤት ሰው አይባረርም፤ ይህን ከእሷ የተሻለ የሚያውቅ የለም። ሌናርት በሩ አጠገብ ባዶ ወንበር አግኝቶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። መቼ እንደሚነሳ የነገረው ስለሌለ ከሁላችንም በላይ ቆየ። አንድም ነገር አልተናገረም፤ እሱ፣ ወሬ የማያልቅበት ሰው።

ሲነሳ አስካለ ፊት ቆመና፣ ፋናዬ ያስጠናችውን በአማርኛ አለ፤ "እግዜር ያጥናሽ።"

አስካለ ወለል ወለሉን እያየች፣ "አሜን" አለች።

እኔ ይኸው ነገሩ አለቀ፣ ታረቅን ብዬ ነበር። አላለቀም። ከዚያ ወዲህ ስለዚያ ቅዳሜ አንድ ቃል አንስታ አታውቅም። የሌናርትንም ስም አትጠራም፤ ጽዋውም እኔ ቤት አልተመለሰም። ሌናርት ዛሬም ሲያገኘኝ የአስካለ ጉልበት እንዴት ነው ብሎ ይጠይቀኛል። ደህና ነው እለዋለሁ። ከአንዲት አሜን በኋላ የሚመጣውን ቃል እኔም ስጠብቅ ሰለቸኝ።