ሃፍቶም የሠራት መቐለ

ባለፈው ሳምንት የእህቴ ልጅ አንዋር ሶፋው ላይ ተጋድሞ በስልኩ የታንክ ጌም ሲጫወት ከጀርባው ቆሜ አየሁት። ታንኮቹን ሁሉ አሰልፎ በአንድ መንገድ ይነዳቸዋል። እግረኛ ወታደሮቹ መነሻው ላይ እንደቆሙ ቀርተዋል። ዝም ብዬ ላልፍ ነበር፤ አፌ ግን አላስቻለውም።

«እግረኛህን አስቀድም እንጂ! ታንክ ብቻውን ዕውር ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና ሳቀ። ቤት ውስጥ አማርኛ ብናወራም እንደ መቐለ ልጆች «ኣኮይ» ነው የሚለኝ፤ አጎቴ ማለቱ ነው። «ኣኮይ፣ አንተ ደግሞ ታንክ የት ታውቃለህ?»

የት እንደማውቅ ልነግረው ጀመርኩና ድምፄ ከፍ እያለ ሲሄድ ራሴን ሰማሁት። ነገሩ ወደ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው፤ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም። ዕድሜ ንዴትን ያበርዳል የሚሉ ሰዎች ምን አናዷቸው እንደነበር አንድ ቀን ቢነግሩኝ ደስ ይለኛል።

የድንበሩ ጦርነት ካበቃ ብዙም አልቆየም ነበር። እኔ የትምህርት ቤት ፈተናዬን ጨርሼ ውጤት የምጠብቅ ጎረምሳ ነኝ። ቤታችን መቐለ፣ ሰሜን በሚባለው ሰፈር፣ ወደ ውቅሮ ከሚወጣው መንገድ ፈንጠር ብሎ ነበር። አባቴ ከወሎ መጥቶ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ይሸጣል፤ እኔ ግን እዚሁ ተወልጄ፣ ቤት አማርኛ ደጅ ትግርኛ እያወራሁ ነው ያደግሁት። ከእኛ ቤት ጥቂት ራቅ ብሎ ለታይ የምትባል ሴት ኮምፒዩተር ቤት ነበራት። ጠዋት ጠዋት ታይፕ ታስተምራለች፣ ከሰዓት በኋላ ጌም ታጫውታለች። ለታይ ሠላሳውን ያለፈች፣ ቆፍጣና፣ ደንቧ የማይታጠፍ ሴት ናት። በለስ የበላ እጁን ሳይታጠብ አይገባም። ክረምት ስለሆነ በየጥጉ በለስ እየተላጠ ይሸጣል፤ ያ ለዓይን የማይታይ እሾህ ከጣታችን ወደ ማውሱ እየተሻገረ ቀጥሎ የሚቀመጠውን ሁሉ ሲያሳክክ ያመሻል። ከዚህ የሚበልጠው ደንቧ ግን «የተሸነፈ ይነሳል» የሚለው ነበር። ሽማግሌ ሁን ተማሪ፣ ሹም ሁን ሊስትሮ፣ ከተሸነፍክ ወንበሩን ለተረኛው ትለቃለህ።

እኛ የምንወደው አንድ የጦርነት ጌም ነበር፤ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የተቀዳ ሲዲ። ወታደሮቹ የሚያወሩት ቋንቋ አይገባንም፤ የሚጻፈውም እንደዚያው። ሩሲያኛ መሆኑን ያወቅነው ዘግይተን ነው። አስተማሪም መመሪያም ስላልነበረን የተማርነው እየሞትን ነው። ታንክ ጎኑን ካሳየ አለቀለት። ከጉብታ ጀርባ ቆሞ የመድፉን ራስ ብቻ ብቅ ካደረገ ግን ደህና ይቆያል። የተደበቀ መድፍ የት እንዳለ የሚያውቀው ቀድሞ በደረቱ እየተሳበ የሄደ እግረኛ ነው። ነዳጅ የጨረሰ ታንክ ደግሞ ያው የብረት ክምር ነው፤ ይህንንም በብዙ ሽንፈት ነው ያወቅነው።

ከሁላችን ቀድሞ የገባው ጓደኛዬ ሃፍቶም ነበር። ከሲታ፣ ዝምተኛ፣ እጁ ሥዕል የለመደ ልጅ። «ታንክና እግረኛ እንደ በሬና ገበሬ ናቸው» ይል ነበር። «ጉልበቱ የበሬው ነው፤ የሚያየው ግን ገበሬው ነው።» አንድ ቀን ጨዋታውን ሊያስቀምጥ ብሎ የማያውቀውን ቁልፍ ተጫነና ባዶ ሜዳ ተከፈተለት። ጠላት የለ፣ ቤት የለ፣ ነጭ ሜዳ ብቻ። ማውሱን ነካ ሲያደርገው ኮረብታ ብድግ አለ። ሌላ ሲነካ ዛፍ በቀለ። ጌሙ የራሳችንን አገር እንድንሠራ የሚፈቅድ መሆኑን ያን ቀን ተረዳን። ሃፍቶምም ያለ አንድ ቃል መቐለን መሥራት ጀመረ።

ሥራው ቀልድ አልነበረም። አብረን ከከተማው በላይ ወዳለው እንዳ ኢየሱስ ኮረብታ እንወጣለን። የተጠበሰ በቆሎ እየጋጥን ከጣሊያን ጊዜ የቀረው አሮጌ ምሽግ አጠገብ እንቀመጣለን፤ ሃፍቶም ግን ብዙም አይቀመጥም። ዝናብ ባረሰው ሣር ላይ በደረቱ ይተኛና ወደ ከተማው አንድ ዓይኑን ጨፍኖ ያያል። የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በአጠገባችን ሲያልፉ «ምን ጠፍቷችሁ ነው?» ብለው ይጠይቁናል። እሱ አይሰማቸውም። «ከዚያች እጥፋት ወዲያ ያለው መንገድ ከዚህ አይታይም። ታንክ እዚያ ቢቆም አናየውም» ይለኛል። በማግስቱ ያችን እጥፋት ኮምፒዩተሩ ላይ አገኛታለሁ። እስከ ዓይናለም በእግራችን ሄደን ለከተማው ውሃ የሚሳብባቸውን ጉድጓዶች አይተን ተመልሰናል፤ ጫማዬ በጭቃ ተበልቶ አባቴ ተቆጥቶኛል።

የሚያስቀው፣ ሜዳው በረዶ ለብሶ ነበር። ሃፍቶም ቢታገል ቢታገል በረዶውን ማንሳት አቃተው። እናም መቐለ፣ ያቺ የድንጋይና የፀሐይ ከተማ፣ በነጭ በረዶ ተሸፍና ቀረች። በለስም በጌሙ ውስጥ ስለሌለ አንድ ጭፍግ ያለ ቁጥቋጦ ደረደረና «ይሄ በለስ ነው» አለን። ሁላችንም ተቀበልነው። እንዲያ ሆኖም ከተማችን መሆኗን ያየ ሁሉ ያውቃል። ለታይ ከኋላው ቆማ ረጅም ጊዜ ተመለከተችና፣ «በል ሓወይ፣ ወንድሜ፣ ከመስከረም ጀምሮ የጠዋቱን ትምህርት የምታስተምረው አንተ ነህ» አለችው። አብሮኝ የተፈተነው ሃፍቶም ፈተናው ዩኒቨርሲቲ እንደማያስገባው ያውቅ ነበር። ያቺ ካርታ የሥራ በር ሆነችለት። ያን ቀን ወደ ቤት ስንሄድ ዝምተኛው ልጅ እስከ ደጃችን ድረስ ሲያወራ መጣ።

እንግዲህ አያ ካሕሳይ ላይ ደረስኩ። የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ በሰፈሩ ቃሉ የሚደመጥ፣ ከሥራ ሲወጣ በቀጥታ ለታይ ቤት የሚመጣ ጎልማሳ። ታንክ ይወዳል። እግረኛ አይወድም፤ «ይጎተታል» ይላል። ሁልጊዜም ያሸንፋል፤ ለምን ቢሉ ሰዉ አውቆ ይሸነፍለታል። ትልቅ ሰው ነው፣ ነገ ጉዳይ ይኖርሃል፣ ታንክህን ጎኑን አዙረህ ትሰጠዋለህ። ይህን ሁሉም ያውቃል። የማያውቀው ሃፍቶም ብቻ ነበር።

በሃፍቶም ካርታ ላይ ገጠሙ። አያ ካሕሳይ አጥቂ ሆኖ በውቅሮ መንገድ መጣ፤ ታንኮቹ እንደ በዓል ሰልፍ ተከታትለው፣ እግረኛው ወደ ኋላ ተጥሎ። ሃፍቶም ፊተኛውን ታንክ ዝም ብሎ አሳለፈው። መጨረሻ ያለውን መታና መንገዱን ዘጋው፤ ቀጥሎ ፊተኛውን መታ። መሀል የቀሩት መዞሪያ አጡ። ያን ጊዜ «በለሱ» ውስጥ ተኝተው የነበሩት እግረኞች ተነሱ። ቤቱ በሳቅና በጭብጨባ ተናወጠ። ከኋላ አንዱ «ይነሳ!» አለ። ሌላውም ደገመው። ለታይ ፈገግታዋን ዋጥ አድርጋ፣ «ኣያ፣ ደንብ ደንብ ነው» አለች። አያ ካሕሳይ ጃኬቱን አንስቶ፣ ማንንም ሳያይ ወጣ።

ጥቂት ቀናት ቆይቶ በጠራራ ፀሐይ ተመለሰ፤ ሁለት የመንግሥት ሰዎች አስከትሎ። አንደኛው ሸምገል ያለ፣ ሌላኛው ቦርሳ የያዘ። ሁሉንም አስወጥተው እኔን፣ ሃፍቶምንና ለታይን አስቀሩን። ካርታው ይከፈት ተባለ፤ ተከፈተ።

«አያችሁ?» አለ አያ ካሕሳይ በጣቱ እየጠቆመ። «የውቅሮ መንገድ። እንዳ ኢየሱስ። ይኸው የዓይናለም ውሃ! ጠላት ከዚህ ሌላ ምን ይፈልጋል?»

ሽማግሌው መነጽራቸውን አስተካክለው ጎንበስ አሉ። «ይሄ በረዶ አይደለም እንዴ? መቐለ ደግሞ መቼ በረዶ ለብሳ ታውቃለች?»

«እሱ ለማደናገሪያ ነው» አለ ካሕሳይ።

ለማደናገሪያ! ዛሬም ይህችን ቃል ሳስታውስ ደሜ ይፈላል። ባለ ቦርሳው ወደ ሃፍቶም ዞሮ፣ «ከዚህ ነገር ጀርባ ያለው ማነው?» ብሎ ጠየቀው። ሃፍቶም ከልቡ ኮምፒዩተሩን ዞሮ አየና፣ «ግድግዳ ነው» አለ። ሰውዬው ተሳለቀብኝ ብሎ ጮኸበት። ከዚያ እኔን፣ «አንተስ ከየት ነህ?» አለኝ።

«ከዚሁ ከሰሜን።»

«ከዚያ በፊት?»

«ከዚያ በፊት አልተወለድኩም። አባቴ ግን ከወሎ ነው።»

«እህ» አለና ካሕሳይን አየው። አስራ ስምንት ዓመት የኖርኩባት ከተማ በአንዲት «እህ» ተወሰደችብኝ።

ለታይ ብድግ አለች። «ኣይፋልን! በፍጹም! ልጆች ናቸው። ቤቱ የእኔ ነው፣ የሚጠየቅ ካለ እኔ ልጠየቅ። ኣያ፣ አንተ ራስህ እዚሁ ካርታ ላይ ተጫውተህበት የለም ወይ?» ካሕሳይ ኮርኒሱን ማየት ጀመረ። በመጨረሻ ፍርዱ መጣ፤ ወይ ካርታው አሁኑኑ ይጠፋል፣ ወይ ኮምፒዩተሮቹ ተጭነው ይሄዳሉ። ኮምፒዩተሮቹ ከሄዱ ለታይ የምትበላው እንደሌላት ሃፍቶም ያውቃል። እናም ማንም ሳያዘው ወንበሩን ስቦ ተቀመጠ። ጌሙ በዚያ በማናውቀው ቋንቋ አንድ ነገር ጠየቀው፤ እርግጠኛ ነህ ወይ ማለቱ መሆን አለበት። ተጫነው። በረዶውም፣ ምሽጉም፣ እጥፋቷም ጠፉ።

«ቅጂ የለውም?» አለ ካሕሳይ።

«የለውም» አለ ሃፍቶም። ተነስቶ ወጣ። መስከረም ሲጠባ ለታይ ቤቱ ድረስ ሄዳ ብትለምነውም ለማስተማር አልመጣም። አያ ካሕሳይ ግን መጣ። ወር እንኳ ሳይሞላ እዚያው ወንበር ላይ፣ እዚያው ኮምፒዩተር ፊት ተቀምጦ ታንኮቹን አሰልፎ ሲነዳ በዓይኔ አየሁት፤ ሰዉም እንደ ድሮው ጎኑን እየሰጠው ይሸነፍለት ነበር።

ፍርሃት ቢሆን ኖሮ ይቅር እለው ነበር። በጦርነቱ ከተማው በአውሮፕላን ተደብድቧል፤ ድምፁ ገና ከጆሮ አልወጣም፤ ሰው ካርታ ቢያይ ቢደነግጥ አይፈረድበትም። ሽማግሌውን ዛሬም አልቀየማቸውም። ካሕሳይ ግን አልፈራም። ጨዋታ መሆኑን ከሁላችን በላይ ያውቅ ነበር፤ ተጫውቶ ተሸንፎበታላ! አንድ ልጅ በሰው ፊት አሸነፈኝ ማለት ስላፈረ አገር ተደፈረ አለ። የግል ቂሙን የአገር ፍቅር ብሎ ጠራው። ለአገር ተቆርቋሪ ነኝ የሚል ሰው በሰማሁ ቁጥር መጀመሪያ የማስበው ማን እንዳሸነፈው ነው።

አንዋር ስልኩን አስቀምጦ ሲሰማኝ ከቆየ በኋላ «ሃፍቶም አሁን የት ነው?» አለኝ።

እዚሁ ነው። የግንባታ ዕቃ ይሸጣል፤ ደህና ኑሮ ይኖራል። በቅርቡ ልጁን ክርስትና ሲያስነሳ ሱቄ ድረስ መጥቶ ጠርቶኝ ነበር። አዲስ የገባበትን ሰፈር ስለማላውቀው ወረቀትና እስክሪብቶ አቀበልኩትና «መንገዱን ንደፍልኝ» አልኩት። እስክሪብቶውን ተቀበለ። ወረቀቱን አየው፣ እኔን አየኝ፣ ከዚያ እስክሪብቶውን ቀስ አድርጎ ጠረጴዛው ላይ መለሰው። «ተወው ሓወይ፣ መጥቼ እወስድሃለሁ» አለኝ።

መጥቶ ወሰደኝ። መንገዱ ሁለት ቦታ ብቻ ነው የሚታጠፈው። እነዚያ ሰዎች ያጠፉት አንዲት የጨዋታ ካርታ ብቻ እንደሆነች ዛሬም ያምናሉ።