ሆን ተብሎ የተዛነፈ ቀዳዳ

እስከ ዛሬ ድረስ፣ እጁ ላይ አንድ ጠባሳ የሌለበት ሰው ሜትር ከኪሱ መዞ የአናጢን ሥራ ሲለካ ሳይ ደሜ ይፈላል። ባለቤቴ «አንተ ደግሞ፣ ሰውየው ምን አደረገህ?» ትለኛለች። ሰውየው ምንም አላደረገኝም። ያደረጉት ሌሎች ናቸው፤ ለማድረግ የበቁትም እኔ እጄን ስላዋስኳቸው ነው። ብዙ ዓመት አለፈው፣ ንዴቱ ግን አልበረደልኝም።

ጅጅጋ የገባሁት ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመታት በኋላ ነው። ከደብረ ዘይት የመጣሁ፣ ሠላሳ ዓመት የሞላኝ፣ ራሴን ትልቅ አናጢ አድርጌ የምቆጥር ሰው ነበርኩ። ትልቅነቴ ሁሉ ሚስማር ነበር። ሁለት እንጨት አጋጥሜ ሚስማር እመታበታለሁ፣ ከተነቃነቀ ሌላ እጨምርበታለሁ፣ አሁንም ከተነቃነቀ በሽቦ አስረዋለሁ። መጀመሪያ የሠራሁት የአንድ ጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ በረንዳ ነበር። ከደጋ በመኪና የመጣ እርጥብ ባሕር ዛፍ ገዝቼ ቸካከልኩት። የጅጅጋ ፀሐይ እንጨቱን አድርቆ አኮማተረው፤ ሚስማሮቹ ጉድጓዳቸው ውስጥ ላልተው ቀሩ፤ ከዚያ ነፋሱ መጣና በረንዳውን ከነቆርቆሮው አንስቶ ጎረቤት ግቢ አሳረፈው። ነጋዴው ጨዋ ሰው ነበር፣ አልሰደበኝም። «ሂድና ከነጃሩ ተማር» ብቻ አለኝ። ነጃር ማለት በሶማሊኛ አናጢ ነው።

ነጃሩ ከከብት ተራው አጠገብ በእሾህ አጥር የተከለለ ግቢ ውስጥ የሚሠሩ ሽማግሌ ነበሩ። በወጣትነታቸው በባቡሩ መስመር ላይ፣ ከድሬዳዋ እስከ አዲጋላና ደወሌ እየተዘዋወሩ የጣቢያ ጣሪያና የመጋዘን እንጨት ሠርተዋል። ሰው ሁሉ «አደር» ይላቸዋል፣ አጎቴ እንደማለት። እሳቸውም መልሰው እኔን «አደር» ይሉኛል፤ በሶማሊኛ አጎትና የወንድም ልጅ በአንድ ቃል ይጠራራሉ። መጀመሪያ ነገሩ ግራ አጋብቶኝ ነበር፣ በኋላ ወደድኩት።

አደር ጣሪያ ሲያዋቅሩ አንድ ሚስማር አይመቱም። የአግዳሚውን ጫፍ በመጋዝና በመሮ ጠርበው ምላስ ያወጡለታል፣ ምሰሶው ላይ ደግሞ ምላሱ የሚገባበትን ጉድጓድ ይቆፍራሉ። ጉድጓዱን ሲጨርሱ ምሰሶውን ከጎን በመሰርሰሪያ ከዳር እስከ ዳር ይበሱታል። ምላሱን ያስገቡና በቀዳዳው በኩል በመሰርሰሪያው ጫፍ ምልክት ያደርጉበታል። ከዚያ ምላሱን አውጥተው ይበሱታል፤ ግን ምልክቱ ላይ አይበሱትም፣ የአንድ ሳንቲም ውፍረት ያህል ወደ ምላሱ ሥር ያስጠጉታል።

ይህን መጀመሪያ ቀን ሳይ ዝም ማለት አቃተኝ። «አደር፣ ይሄ ቀዳዳ እኮ አይገጥምም» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝ። ከወይራ የተፈለጠ፣ ጫፉ የሾለ ችንካርና የእንጨት መዶሻ አቀበሉኝና «ምታ» አሉ። መታሁ። ችንካሩ በተዛነፈው ቀዳዳ ሲገባ ትንሽ ይጎብጣል፤ ሲጎብጥ ምላሱን ወደ ጉድጓዱ ይስበዋል። በሦስተኛው ምት መገናኛው ጥርቅም ብሎ ተዘጋ፤ ከእርጥቡ ምሰሶ ውሃ ሲወጣ በዓይኔ አየሁ። «አሁን አውጣው» አሉኝ። ሞከርኩ፣ ትከሻዬ እስኪያመኝ ጎተትኩ፣ ንቅንቅ አላለም። «እንጨቱ ይደርቃል፣ ይቀንሳል» አሉ አደር። «እሱ ግን እየሳበ ይኖራል።» በዚያ ቀን ስለ አሥር ዓመት አናጢነቴ አፈርኩ። ከዚያ በኋላ አብሬያቸው መሥራት ጀመርኩ።

ሌላም ነገር ነበራቸው። ሥራ ሲያልቅ እያንዳንዱ አግዳሚ ላይ በመሮ አንድ ምልክት ይቀርጹ ነበር፦ ጎበጥ ያለች መስመርና ከሥሯ ነጥብ። የቤተሰባቸው ግመሎች ታፋቸው ላይ የሚተኮሱት ምልክት ነው። ለምን እንጨት ላይ እንደሚያደርጉት ስጠይቃቸው ጥያቄው ራሱ አስገረማቸው። ግመል የሰው እርሻ ገብቶ ካጠፋ ሰዎቹ ምልክቱን አይተው ወደ ባለቤቱ ይመጣሉ፣ ባለቤቱም የእኔ አይደለም ማለት አይችልም፣ ይክሳል። «ጣሪያም ሰው ላይ ከወደቀ» አሉ፣ «ወደ ማን እንደሚመጡ ይወቁ።»

አንድ ቀን ትልቅ ሥራ መጣ። ከኤረር አለፍ ብላ ባለች፣ ባቡር የሚቆምባት ትንሽ ከተማ የትምህርት ቤት አዳራሽ ሊሠራ ነው፤ የጣሪያውን እንጨት እንዲሠሩ አንድ መሥሪያ ቤት አደርን ጠየቃቸው። አደር እንደዚያ ደስ ሲላቸው አይቼ አላውቅም። ዘመዶቻቸው ግመል የሚያጠጡት እዚያ አካባቢ ነው፤ ምልክቷን ሕፃን ሳይቀር ያውቃታል። «ቀና ብለው ያዩዋታል» ይሉ ነበር፣ ሰው ሳይጠይቃቸው፣ በቀን ሦስት ጊዜ።

ጣሪያው ስድስት አካል ነበረው፣ እያንዳንዱ አራት መገናኛ ያለው፤ ሁሉንም ጅጅጋ ጠርበን፣ ችንካር ሳንመታ መሬት ላይ ገጣጥመን ሞከርነው፤ ምልክቱ ተቀረጸ፤ ከዚያ በሐረርና በድሬዳዋ በኩል በመኪና እንዲጓዝ ፈታተን ደረደርነው። ችንካሮቹ በጆንያ ተዘጋጅተዋል። በዚያው ሳምንት አዲጋላ ዘመድ ሞተባቸውና አደር ለለቅሶ ሄዱ። ሥራውን የሚረከበው የመሥሪያ ቤቱ ኮሚቴ የመጣው እሳቸው በሌሉበት ነው።

ሦስት ነበሩ፦ አንድ ወጣት መሐንዲስ፣ አንድ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ አንድ ደግሞ ምን እንደሆነ እስከ መጨረሻው ያልገባኝ ክራቫት ያሰረ ሰው። መሐንዲሱ ምላሱን ጉድጓዱ ውስጥ አስገባና በቀዳዳው አጮልቆ አየ። ሜትሩን አወጣ። ሌላውን አየ። ስድስቱንም አየ።

«ይሄ ሁሉ ቀዳዳ ተዛንፏል» አለ።

«ሆን ተብሎ ነው» አልኩት፤ አስረዳሁት። ችንካር አሳየሁት። «አንድ ብቻ መትተን እንሞክር፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም» አልኩት።

«መኪናው ነገ ይጫናል፣ የምንቀልድበት ጊዜ የለንም።»

ንብረት ክፍሉ ሳቀ። «ሲሳሳቱም እኩል እኩል ነው የተሳሳቱት» አለ።

እዚህ ላይ ነው ሁልጊዜ የምበግነው። ስህተት ከሆነ እንዴት እኩል ይሆናል? ሃያ አራት ቀዳዳ፣ ሃያ አራቱም ወደ አንድ አቅጣጫ፣ ሃያ አራቱም በሳንቲም ውፍረት ልክ! ዓይኑ የደከመ ሰው እንዲህ አድርጎ መሳሳት ይችላል? ይህን ጮክ ብዬ መናገር ነበረብኝ። የተናገርኩት ግን ማታ ለግድግዳው ነው።

ክራቫት ያሰረው ትከሻዬ ላይ እጁን ጣል አደረገ። «አንተ እንኳ የሚገባህ ሰው ነህ» አለኝ። «ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፣ የሚያሳዝን ነው። አንተ ቀጥ አድርገህ ብሳልንና የሚቀጥለው ሥራ ያንተ ነው።»

የሚገባህ ሰው! በደንብ ገብቶኝ ነበር እኮ። በዚያ ግቢ ውስጥ እውነቱን የማውቅ ሰው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ መሰርሰሪያውን ያነሳሁትም እኔ ነኝ። ከመሥሪያ ቤቱ በተዋስነው የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ሃያ አራቱንም ቀጥ አድርጌ በሳኋቸው። ከሰዓት በኋላ ሳይመሽ አለቀ። የወይራ ችንካሮቹ ያለ መዶሻ ሲገቡ መሐንዲሱ «አየህ?» አለኝ። ቃለ ጉባኤው ላይ «በሠራተኛው የዓይን ድክመት የተፈጠረ ጉድለት ተስተካክሏል» ተብሎ ተጻፈ፣ ከሥሩም ፈረምኩ።

አደር ማታውኑ ተመለሱ። መኪናው ጠዋት ሲመጣ ቀድመው ግቢው ውስጥ ነበሩ። አንዱን ምላስ አስገብተው፣ አንድ ችንካር አንስተው በአውራ ጣታቸው ገፋ አደረጉት። ችንካሩ ባንዱ በኩል ገብቶ በሌላው በኩል አፈሩ ላይ ወደቀ።

«ማነው?» አሉ።

«ኮሚቴው አዘዙኝ፣ አደር፣ እኔ ነግሬአቸው ነበር...»

«ያዘዘውን አልጠየቅኩም። የበሳው ማነው?»

«እኔ ነኝ።»

መላጊያቸውን አነሱና ወደ እንጨቶቹ ሄዱ። ስድስቱም አግዳሚዎች ላይ የነበረችውን ምልክት አንድ በአንድ ላጉ። ሹፌሩ ጡሩምባ ያስጮሃል፣ እሳቸው አይሰሙም። ሲጨርሱ ፍቅፋቂውን ከመላጊያው አራግፈው «ይሄ ግመል የእኔ አይደለም» አሉ።

አዳራሹን እኔ አቆምኩት። ችንካሮቹ ስለማይዙ በየመገናኛው ሚስማር መታሁ፣ ወደ ድሮዬ ተመለስኩ ማለት ነው። የሚቀጥለውንም ሥራ እንደተባለው ለእኔ ሰጡኝ። ያ የፈረምኩበት ወረቀት ግን ፋይል ውስጥ አልተቀመጠም፣ ከተማ ለከተማ ዞረ። ጣሪያ ሊያሠራ የሚፈልግ ሁሉ «ነጃሩ ዓይናቸው ደክሟል አሉ» እያለ እኔ ዘንድ መጣ። የፀጉር ውፍረት ያህል ልዩነት ከሩቅ የሚለዩ ሰው በርጩማና የአልጋ እግር ሲጠርቡ ኖረው ሞቱ። እኔ ለአንዱም ደንበኛ «ውሸት ነው» አላልኩም። ከኮሚቴው አንድም ሰው ተጠይቆ አያውቅም፤ መሐንዲሱ እንዲያውም በዕድገት ተዛወረ። ስለ እነሱ ሳስብ ጥርሴን አፋጫለሁ፤ ከዚያ ፊርማዬ ትዝ ይለኛል።

አዲሱ ባቡር ሥራ ከጀመረ በኋላ ደወሌ በርና መስኮት አድርሼ ስመለስ ሹፌሩን በዚያች ከተማ በኩል እንዲያልፍ ጠየቅኩት። አዳራሹ አለ። ገብቼ ቀና አልኩ። ምላሶቹ ከጉድጓዳቸው ወጥተው በየክፍተቱ ጣት ይገባል፤ አንዳንዱ ቦታ በላሜራ፣ አንዳንዱ በገመድ ታስሯል። በስድስቱም አግዳሚዎች ላይ መላጊያው የተወው ጎድጓዳ ይታያል። ከሥር አግዳሚ ወንበሮች ተደርድረዋል።

አንዲት ጠና ያሉ ሴት ወለሉን ይጠርጉ ነበር። ወደ ላይ ሳይ አይተውኝ መጥረጊያቸውን ቀጥ አድርገው ያዙ። «ነፋስ ሲነሳ ልጆቹን እናስወጣለን» አሉኝ በሶማሊኛ። «አንድ ዓይኑ የጠፋ ሽማግሌ ነው የሠራው አሉ። የእኛው ሰው ነው፣ ያሳፍራል።»

እዚህም ደርሷል! ምልክቷን ቀና ብለው እንዲያዩላቸው አደር የተመኙት ዘመዶቻቸው መሀል፣ ያ ውሸት ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ተቀምጧል።

«ኤዶ» አልኳቸው፣ አክስቴ እንደማለት፣ «የሽማግሌው ዓይን ጤነኛ ነበር። እሳቸው በትክክል ነው የሠሩት። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

ሴትየዋ ከእግሬ እስከ ራሴ ተመለከቱኝ። ማን እንደሆንኩ አልጠየቁኝም፣ ለምን ብለውም አልጠየቁኝም።

«ያንተ ነው?» አሉኝ።

«የእኔ ነው።»

«እንግዲያው መሰላሉ ከኋላ አለልህ» ብለው መጥረጋቸውን ቀጠሉ።