ለታምራት የመጣው ጠርሙስ

ባለፈው ሳምንት ደም ግፊቴን ልለካ ጤና ጣቢያ ተቀምጬ፣ አንዲት ነርስ የክትባት ሣጥን ከፍታ ጓደኛዋን ስትቆጣ ሰማሁ። «ምነው እቴ! በረዶው ላይ እንዲሁ ታስቀምጪዋለሽ? እሱም በረዶ ከሠራ እኮ መጣል ነው!» ልጅቱ ፈገግ ብላ አስተካከለችው። እኔ ግን ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም።

በደርግ ጊዜ ነው። ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ጫሞ ሐይቅ ዳር፣ የዓሣ ማኅበሩ በረዶ ቤት እሠራ ነበር። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ በረዶ ግን አውቃለሁ እል ነበር።

የመጀመሪያ ልጃችን ታምራት ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሳል ይይዘዋል፤ ሳሉ ሲተወው ጆሮው ይመግላል፤ እሱ ሲደርቅ ደግሞ ሳንባው። በመጨረሻ እኔና ባለቤቴ አስቴር የአንድ ቀን መንገድ ተጉዘን አንድ የሚሲዮን ሆስፒታል ወሰድነው። ፈረንጁ ሐኪም ደሙን አስመርምሮ፣ የልጁ ሰውነት በሽታ የሚከላከልበትን ነገር እንደማይሠራ በአስተርጓሚ ነገረን።

«ዘበኛ እንደሌለው ቤት ነው» አለን።

«ዘበኛ የሌለው ቤት? በዚህ ዘመን?» አለች አስቴር እንባዋን እየጠረገች። «ቀበሌው ሁሉ አብዮት ጥበቃ ሞልቶት!»

አስተርጓሚው ደንግጦ ወደ በሩ አየ። ይህችን አልተረጎማትም።

ሐኪሙ ከብዙ ጤነኛ ሰዎች ደም ተጣርቶ የሚሠራ፣ እንደ ጉሉኮስ በደም ሥር የሚንጠባጠብ መድኃኒት እንዳለ ነገረን። ከአገሩ ሊያስመጣልን ቃል ገባ። ወራት ፈጀ። ጠርሙሱ መጣ ሲባል ታምራት ከአልጋ መነሳት አቅቶት ነበር፤ መንገዱን አይችለውም። ስለዚህ እኔ ሄጄ ላመጣው፣ አርባ ምንጭ ክሊኒክ የሚሠራ አንድ ድሬሰር ሊሰጠው ተስማማን።

ሐኪሙ ጠርሙሱን ከበረዶ ጋር በትልቅ ቴርሞስ አሽጎ ሰጠኝ፤ ሙቀት እንዳይነካው አስጠነቀቀኝ። የተሳፈርኩት ከላንቴ ሙዝ በሚያመላልሰው በጋሽ ደሳለኝ መኪና ነበር። የበልግ ዝናብ ነው፤ ወንዝ ሞልቶ ግማሽ ቀን አቆመን። ጋሽ ደሳለኝ ከጋቢናው ሙዝ እየላጠ ያባብለኝ ነበር። «አይዞህ የታምራት አባት፣ ውሃው ይጉደል እንጂ መኪናውን አበርረዋለሁ!»

አመሻሽ ላይ ደረስን። ድሬሰሩ «ጠዋት አምጣው» አለኝ። ቴርሞሱን ብከፍተው በረዶው ቀልጦ ውሃው ለብ ብሏል። በሩጫ በረዶ ቤት ሄድኩ። ዓሣ ሲያድር እንደምናደርገው ጠርሙሱን በረዶ መሃል ቀበርኩት፤ ብርዱ እንዲጠነክርም ጨው ነሰነስኩበት። ብርድ በዝቶ ዓሣ ሲበላሽ አይቼ አላውቅም። ልጄን ያዳንኩ መስሎኝ ደስ ብሎኝ ሄድኩ።

ጠዋት ድሬሰሩ ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አነሳው። ውስጡ ነጭ ድንጋይ ሆኗል።

«ምን አደረግኸው?»

«አቀዘቀዝኩት።»

«አዬ ወንድሜ! ይኼ እኮ ዓሣ አይደለም።»

ቀልጦም አልረባም፤ እንደ ተበጠሰ ወተት ሆነ። እንዲህ ሆኖ ለሰው አይሰጥም አለኝ።

አስቴር ደጃፍ ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። «የታለ?»

«ተበላሸ። ወንዙ ግማሽ ቀን አቁሞን...»

«ደሳለኝ ነው!» አለች። «ሙዙን ሲያራግፍ አርፍዶ ነው!»

አይደለም አላልኩም። በአሥራ አንደኛው ቀን ታምራትን ቀበርነው። ማንጎ የደረሰበት ወቅት ነበር፤ ለቀስተኛው ሁሉ ማንጎ ይዞ ይመጣ ነበር። እስከ ዛሬ ሽታውን አልወደውም።

ሐኪሙ በኋላ ደብዳቤ ላከልኝ። መድኃኒቱ ዕድሜውን ሙሉ በየወሩ ያስፈልገው እንደነበር፣ አንድ ጠርሙስ ብቻውን እንደማያድነው ጽፏል። የሰፈራችን አስተማሪ ስንት ጊዜ አነበበልኝ! እውነቱን ይሁን አዝኖልኝ አላውቅም፤ ግን ይዤዋለሁ።

ጋሽ ደሳለኝ ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ጎረቤታችን ነበር። አስቴር ሰላምታውን አትመልስም፤ የሚልከውን ሙዝ ለፍየል ትሰጣለች። አንድ ቀን መንገድ ላይ አስቁሞኝ፣ «የታምራት አባት፣ ምን በድያት ነው?» አለኝ።

«ኀዘኑ ነው ጋሼ» አልኩት።

ሲሞት አስቴር ለቅሶ አልደረሰችም። ብቻዬን ሄድኩ። የሟቹ ልጅ እጄን ሲያስታጥበኝ ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

አስቴር ዛሬም አለች፤ አብረን አርጅተናል። ከጤና ጣቢያው ስመለስ ልነግራት አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ብነግራትስ? ይቅር በለኝ የምትለው ሰው አፈር ውስጥ ነው፤ እዚህ በደል ውስጥ ያስገባኋት ደግሞ እኔ ነኝ። ፊቷን አየሁና ደም ግፊቴ ደህና እንደሆነ ነገርኳት።