የአገሬ ልጅ ዝም አለኝ

በ2000 ዓ.ም. ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ፣ የተጨነቁ ስደተኞችንና የእርሻ ሠራተኞችን በሚረዳ ትንሽ ድርጅት አማካሪ ነበርሁ። የአማካሪነት ሥልጠናዬ ሦስት ወር ብቻ ነበር። ለእናቴ ግን የተዋስሁትን ነጭ ጋወን ለብሼ የተነሳሁትን ፎቶ ላክሁላት። እሷም «ዙፋኔ ሐኪም ሆነች» አለች፤ እኔም አላረምኋት።

አለቃችን ሰው ምስጢሩን የሚያወጣው ለወገኑ ነው ባይ ነበር። ስለዚህ ታከለ የሚባል ሰሊጥ አጫጅ «እንቅልፍ አጣሁ» ብሎ ሲመጣ፣ ጎንደሬ፣ ክርስቲያን፣ ያውም እንደ እኔ የሳንጃ ልጅ ሆኖ ስለተገኘ ለእኔ ተሰጠ። ገና ሳይቀመጥ «የማን ልጅ ነህ?» አልሁት። በሦስተኛው ጥያቄ እናቶቻችን አንድ የማርያም ማኅበር እንደሚጠጡ ደረስሁበት። እልልታ ነበር የቀረኝ።

ታከለ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ደኅና ሆነ። እንቅልፍስ? «እግዜር ይመስገን።» ምግብስ? «እግዜር ይመስገን።» ዐይኑ ደም መስሎ፣ ጉንጩ ጎድጉዶ፣ አምስት ሳምንት ሙሉ ሲያመሰግን ከረመ።

በስድስተኛው ሳምንት ወባ ጣለኝና ራሒማ ተካችኝ። ራሒማ የነጋዴ ልጅ፣ ሙስሊም፣ ገዳሪፍ ተወልዳ ያደገች ናት። ሳንጃን በስም እንኳ አታውቃትም። ታከለ ጧት ገብቶ ቀትር ላይ ወጣ አሉኝ። ስመለስ ከእሷ ሌላ አልፈልግም ብሏል። ቅናት አንገበገበኝ፣ ለምን እዋሻለሁ?

«ምን አድርገሽው ነው?» አልኋት።

«ወላሂ ምንም! የማን ልጅ እንደሆነ አልጠየቅሁትም።» የነገራትን ግን አልነገረችኝም።

ኅዳር ሲያልቅ ታከለ ፊቱ ሞልቶ፣ ሻንጣውን አንግቶ ሊሰናበተኝ መጣ።

«አገሬ ልገባ ነው፣ እታለም» አለኝ፤ ነገሩንም ራሱ አወጣው። በሰው ትራክተር ላይ ተቀምጦ የተነሳውን ፎቶ ለእናቱ ልኮላት ኖሯል። እሷም በማኅበሩ ፊት ባለትራክተር አደረገችው። ሲያፍር አራት ዓመት እናቱን ሳያይ ቀረ።

«ለእኔ ብትነግረኝ ምን ነበረበት?» አልሁት፤ እውነትም አዝኛለሁ።

«አንችማ ከነማኅበሩ መጣሽብኝ! ራሒማን ሳንጃ ላይ ማን ይጠይቃታል?»

ሳቅሁ። በሩ ጋ ሲደርስ ዞር አለ።

«የእኔንስ ለእናቴ እነግራታለሁ። የአንችንም ወሬ ጽፋልኛለች፤ እናትሽ ስለ ሐኪሟ ሲጠይቁኝ ምን ልበላቸው?»

ከቀትር በኋላ ራሒማ በር ላይ ተራ ይዤ ተቀመጥሁ።